ማንም ቀንሶ የማያየው ቁጥር፦ በወባ ምርመራ ነፃ ስለተባሉ ትኩሳቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ በወባ ምርመራ ነፃ የተባሉ ትኩሳቶች በሳምንታዊው የበሽታ ቅኝት ውስጥ ተነጥለው እንዲታዩ፣ በቆላ ከተሞችም የውኃ ማጠራቀሚያ ፍተሻ ከዚሁ ጋር እንዲያያዝ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በምትገኝ አንዲት ቆላማ ከተማ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጬ የሠራሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የከተማዋንም ሆነ የጤና ጣቢያውን ስም ያልጠቀስኩት የምጽፈው ነገር የአንድ ቤት ገመና ሆኖ እንዳይነበብብኝ ነው፤ በየቆላው ባሉ ላቦራቶሪዎች የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ደብዳቤውን ሲያነቡ የራሳቸውን መዝገብ እንደሚያዩበት አልጠራጠርም። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስቀመጥኩት ከምታወጧቸው ሪፖርቶች ጋር ለማስተያየት እንዲመች ብዬ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ጠርዙ የተበላ፣ ገጾቹ ላይ የጂምሳ ቀለም የተንጠባጠበበት ትልቅ መዝገብ አለ። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የታዘዘው ምርመራ፣ ውጤት እያለ በማስመሪያ በተሰመሩ ዓምዶች ተከፍሏል። የወባ ጥገኛ ሲገኝ በውጤቱ ዓምድ «ፒኤፍ» ወይም «ፒቪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ፋልሲፓረም ወይም ቫይቫክስ ማለቴ ነው። ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ እኛ የላቦራቶሪ ሰዎች እንደለመድነው «ኖ ሄሞፓራሳይት» ብዬ አልፋለሁ። እነዚህን ሁለት ቃላት ለመጻፍ የሚጠይቀውን ድካም ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፦ ወፍራሙ የደም ቅብ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ በጂምሳ ይቀለማል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ከዚያም ዘይት ጠብ ተደርጎበት በባለ መቶው ሌንስ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ፖዘቲቩ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው መስክ ላይ ብቅ ሊል ይችላል፤ ኔጌቲቩን ግን እስከ መጨረሻው ሳልፈትሽ ኔጌቲቭ ነው ለማለት አልደፍርም። እንግዲህ በሥራዬ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጊዜና ዓይን የሚፈጀው ውጤት፣ ከመዝገቡ ወጥቶ የትም የማይደርሰው ውጤት ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ቅኝታችን በሳምንት የሚቆጠር መሆኑን ታውቁታላችሁ። ከሰኞ እስከ እሑድ የተመዘገበው ተደምሮ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ ኢንስቲትዩቱ ይወጣል። በሳምንታዊው ቅጽ ላይ በወባ ተጠርጥረው የተመረመሩ ሰዎች ጠቅላላ ብዛት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ከእነርሱ መካከል ወባ የተገኘባቸው ደግሞ በጥገኛው ዓይነት ተለይተው ይሞላሉ። ስለዚህ ኔጌቲቩ አልተደበቀም፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው መቀነስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ነገር ግን በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያንን ቅናሽ ሠርቶ «ይህ ቁጥር ለምን ጨመረ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። በግድግዳችን ላይ የተለጠፈው የወባ ወረርሽኝ መከታተያ ቻርትም የሚሠራው ከፖዘቲቩ ብቻ ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ተደርድረው ሁለተኛው ከፍተኛ ቁጥር ወሰን ይሆናል፤ የዘንድሮው መስመር ያንን ወሰን ሲሻገር ደወል ይደወላል። ቻርቱ ብልህ የሆነ ነገር ነው፤ ትምህርቷን በአሥረኛ ክፍል ያቆመች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በአንድ እስክሪብቶ ወረርሽኝ የምትለይበት መሣሪያ ከዚህ የቀለለ ያለ አይመስለኝም። የሚያየው ግን አንድ በሽታ ብቻ ነው።

ይህ አንድ ዓይናነት የሚያስከትለውን ስሕተት ለማሳየት ለምሳሌ ያህል የምናባዊ ጤና ጣቢያ ቁጥር ልውሰድ። በአንድ ሳምንት 100 ሰው በትኩሳት መጥቶ ተመረመረ፤ 20ው ወባ ተገኘበት። ከአራት ሳምንት በኋላ 260 ሰው ተመረመረ፤ 21ዱ ወባ ተገኘበት። የፖዘቲቭ ምጣኔው ከመቶ 20 ወደ 8 ወርዷል። በግምገማ ስብሰባ ላይ ይህ ቁጥር በስላይድ ሲቀርብ እንደ መልካም ዜና ይነበባል፤ የወባው መስመርም ወሰኑን ስላልነካ ቻርቱ ጸጥ ይላል። በዚያች ከተማ ግን በሳምንት ወባ ያልሆነ ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ሰዎች ከ80 ወደ 239 ደርሰዋል። የምጣኔው መውረድ ራሱ የአደጋው ምልክት ነበር። የታችኛው ቁጥር፣ ማለትም የተመረመሩት ብዛት፣ ስላበጠ የወረደን ምጣኔ የወባ ቁጥጥሩ ውጤት ነው ብሎ መተርጎም፣ ቅኝቱን በበሽታው ፋንታ በራሱ ሒሳብ እንዲታለል ማድረግ ነው።

በወረቀት ላይ ቁጥር የሆነው ነገር በመስኮቴ ፊት ሲቆም ምን እንደሚመስል አንድ ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዝናብ በሌለበት ወር፣ በሕንፃ ግንባታ ላይ የሚሠራ ሃያዎቹን ያልዘለለ የቀን ሠራተኛ ጃኬቱን እንደ ነጠላ ተከናንቦ መጣ። ደሙን አየሁ፤ 100 መስክ፣ ምንም የለም። ወረቀቱን ስሰጠው «ታዲያ ምንድን ነው ያመመኝ?» አለኝ። ለእርሱ የሚሆን መልስ በእጄ አልነበረም፤ «ወባ የለብህም» ብዬ ወደ ሐኪሙ መለስኩት። በሁለተኛው ቀን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ፣ በአገራችን ትኩሳት ሁሉ የሚጠራበትን ያንን ጥንድ ስም፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ፣ ለራስ ምታቱና ለመገጣጠሚያው ዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቆት ነበር፤ የመጣው ግን ድዱ እየደማ፣ ክንዱ ላይ ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ወጥተውበት፣ በጓደኛው ትከሻ ተደግፎ ነው። ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ ተረፈም። ደንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ይሁን አይሁን ግን እስከ ዛሬ የማውቀው ነገር የለም፤ ናሙና አልተወሰደለትምና። በመዝገቤ ላይ ዛሬም «ኖ ሄሞፓራሳይት» እንደተባለ አለ።

ደንጊ ብዬ የጠረጠርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የደንጊ ትኩሳት አደገኛው ሰዓት ትኩሳቱ ሲበርድ የሚጀምር መሆኑን፣ እንደ አስፕሪንና ዲክሎፌናክ ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ የመድማቱን አደጋ ስለሚያባብሱ ከፓራሲታሞል በስተቀር መሰጠት እንደሌለበት በየሥልጠናው ይነገራል። ነገር ግን በከተማው ውስጥ ደንጊ መኖሩን ያላወቀ ሐኪም ለምን ብሎ ዲክሎፌናክ ይከለክላል? ሐኪሙን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። ማወቅ የሚገባውን ነገር ልንነግረው የሚገባን እኛ በቅኝቱ ሰንሰለት ውስጥ ያለነው ነን፤ መረጃውም በእጃችን፣ ባልተቀነሰ ሒሳብ መልክ፣ ተቀምጦ ነበር።

ድሬዳዋ በ2013 ደንጊ በላቦራቶሪ የተረጋገጠበት የመጀመሪያው የአገራችን ወረርሽኝ ሲደርስባት ከ11,000 በላይ ሰዎች ታመዋል። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው ሌላው ትንኝ ወለድ ቫይረስ እዚያችው ከተማ ውስጥ ገብቶ ከ40,000 በላይ ሰዎችን መገጣጠሚያቸውን አሽመድምዶ አስተኝቷል። የሶማሌ ክልል ከተሞችና አፋርም ከዚያ ወዲህ ተራቸው ደርሷቸዋል። እነዚህ ቫይረሶች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ ወረርሽኙ ከመታወጁ በፊት የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በአንድ ላቦራቶሪ መስኮት ፊት ቆመው፣ ደማቸው ለወባ ታይቶ፣ ነፃ ናችሁ ተብለው ተመልሰዋል ብዬ ብገምት ከእውነቱ የምርቅ አይመስለኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ወባ ያልተገኘበት ትኩሳት ሁሉ ደንጊ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ግን ልብ ይባልልኝ። የሳንባ ምች አለ፣ የሽንት መስመር ኢንፌክሽን አለ፣ ግርሻ ትኩሳት አለ፣ ጉንፋንም አለ፤ እውነተኛ ታይፎይድም አለ። የአንድ ሰው ኔጌቲቭ ውጤት ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ከተማ ኔጌቲቭ ውጤት በአራት ሳምንት ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን አንድ ነገር ነው፤ የሆነ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ቅኝት ደግሞ የሰውየውን በሽታ የመለየት ሥራ ሳይሆን የከተማውን ትኩሳት የመለካት ሥራ ነው።

ኔጌቲቩን እንድንጠራጠር የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ወባውን ራሱን ይመለከታል። በጤና ኬላዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀምንበት ፈጣን መመርመሪያ፣ ያ ሁለት ቀይ መስመር የሚያሳየው፣ የፋልሲፓረም ጥገኛ የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን በመፈለግ የሚሠራ ነው። ፕሮቲኑን የሚያዘው ዘረመል የጠፋባቸው ጥገኞች ግን መመርመሪያውን አታልለው ያልፋሉ። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደውና በ2021 የታተመው ጥናት በዚህ የተነሣ ከመቶ 9.7 የሚሆኑ የፋልሲፓረም ሕሙማን በመመርመሪያው ሳይታዩ ሊያልፉ እንደሚችሉ ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚልበት ወሰን ከመቶ 5 ነው። እንግዲያው በመዝገቡ ውስጥ ከሚያልፉት «ነፃ» ሰዎች መካከል ወባ ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱም አሉ ማለት ነው። ኔጌቲቩ በድንገት ሲያብጥ ለማረጋገጫ ጥቂት ስላይዶች በማይክሮስኮፕ ተደግመው እንዲታዩ ቢደረግ፣ አንዱ ፍተሻ ሁለቱንም ጥርጣሬ ያጠራል።

አሁን ወደ ትንኟ ልመለስ፤ ትኩሳቱን ብቻ መቁጠር ግማሽ መንገድ ነውና።

የወባ ቅኝታችን የተወለደው በደጋና በወይና ደጋ በደረሰ ዕልቂት ነው። በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርሱ አካባቢዎች፣ ሰዎች ወባን ብዙም በማያውቁበት አገር፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል፤ በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም ያ ሐዘን ገና አልወጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ የወረስነው ዕውቀት በዝናብና በወር ላይ የተመሠረተ ነው፦ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው ወቅት፣ በልጉን ተከትሎ ሚያዝያና ግንቦት ሁለተኛው ወቅት። ርጭቱም፣ የአጎበር ስርጭቱም፣ የመድኃኒት ክምችቱም ይህንኑ የቀን መቁጠሪያ ይከተላል። ለገጠሩ ዛሬም ትክክል ነው።

ከተማው ግን ሌላ ትንኝ ገብቶበታል። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የእስያ የወባ ትንኝ በአፍሪካ ቀንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያው ዓመት ጅቡቲ የነበራት የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። በእኛ አገር በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፤ ቀጥሎም በሰመራ፣ በገዋኔ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በኤረር ጎታ፣ በጅግጅጋ፣ በጎዴ፣ በባቲና በድሬዳዋ ታየች። ይህች ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም፤ ረግረግም አያስፈልጋትም። ሰው በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ያጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። በ2019 በድሬዳዋ 205 የነበረው የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 አልፏል፤ በአብዛኛው ደረቅ በሆኑ ወራት ማለት ነው። ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ የተደረገው ጥናት በሽተኞቹ ስቴፈንሳይ በተገኘችባቸው ቤቶች ዙሪያ ተሰባስበው እንደነበር፣ በትንኟ አካል ውስጥም የወባ ጥገኛ እንደተገኘ፣ ጥገኞቹም መድኃኒትንና መመርመሪያን የመቋቋም የዘረመል ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። በመላ አገሪቱ ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች መመዝገባቸው የስቴፈንሳይ ሥራ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሸክም በምዕራቡ ገጠር ነበር። ነገር ግን እሳቱ በገጠር ሲነድ ከተማው በራሱ ጓሮ ሌላ ክብሪት እንደያዘ መዘንጋት አይገባም።

ይህንን ያህል ያብራራሁት ሁለቱ ትንኞች፣ ወባ የምታስተላልፈው ስቴፈንሳይና ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤዴስ፣ የሚራቡት በአንድ ዓይነት ዕቃ ውስጥ መሆኑን ለማስገንዘብ ነው። (ቢጫ ወባ በስሙ ብቻ ነው ወባ የሆነው፤ ቫይረስ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦሞ ሸለቆ ወደ 30,000 ሰው እንደጨረሰ የሚገመተውን ይህን በሽታ ከወባ ጋር በአንድ ስም መጥራታችን ራሱ ብዙ ያሳስታል።) አንድ ጊዜ ከወረዳው የቅኝት ባለሙያ ጋር ሆኜ በየግቢው ስንዞር በአንዲት አዛውንት ቤት የቆመ በርሜል ገለጥን። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ አፉ ላይ የተጣለው ቆርቆሮ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ባትሪ ስናበራበት ከላይ ሁለት ዓይነት ዕጭ ታየ። አንደኛዋ መተንፈሻ ቱቦዋን ከውኃው ገጽ አጣብቃ ጭንቅላቷን ቁልቁል ዘቅዝቃ ተንጠልጥላለች፤ ይህች ኤዴስ ናት። ሌላዋ ቱቦ ስለሌላት ውኃ ላይ እንደተጣለች ጭራሮ አግድም ተንሳፋለች፤ ይህች አኖፌለስ ናት። የበርሜሉ ጥላ ሲያርፍባቸው ሁሉም እየተጠማዘዙ ወደ ታች ጠለቁ። «ይህ እኮ የውኃው ትል ነው ልጆቼ፤ እናጠራዋለን፣ ማንንም አይነካም» አሉን እማማ። በጭልፋ ቀድተን በነጭ ሣህን ላይ ስናሳያቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩና «ታዲያ ውኃው ሲመጣ ነው የምትመጡት?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከብዙ መመሪያ የበለጠ ነበር፤ ውኃ የሚጠራቀምበትን ቀን የሚያውቀው የውኃ መሥሪያ ቤት ነው፣ ትንኝ የሚፈልገው ደግሞ የጤና መሥሪያ ቤት፤ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አያውቁም።

ይህን ፍተሻ ያደረግነው በአንድ ፕሮጀክት ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባትሪውም ሣህኑም ተሰበሰበ። የኤዴስ ዕንቁላል በበርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለወራት ደርቆ መቆየት እንደሚችል፣ ዕጩም በሞቃት ውኃ በአንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን በኋላ ትንኝ ሆኖ እንደሚበርር የሚያውቅ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ዘመቻ ምን ያህል እንደሚጠቅም ራሱ ይፍረድ። በርሜሉ በየሳምንቱ ካልተፈተገና ካልተከደነ፣ ወይም «አቤት» የተባለው የዕጭ ማጥፊያ በልኩ ካልተጨመረበት፣ ትንኟ ከእኛ ትፈጥናለች። አጎበርም ቢሆን በቀን በምትነድፈው ኤዴስ ላይ የሚያደርገው ትንሽ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ቅጽ አይደለም። አዲስ ቅጽ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት የምትዞርበት ቀን ከወረቀቱ ተቀንሶ ይታሰባል። የምጠይቀው በግድግዳው ላይ ባለው ቻርት አሁን በሰማያዊ ከሚሰመረው የፖዘቲቭ መስመር በላይ አንድ ቀይ መስመር እንዲጨመር ነው፤ የተመረመሩት ሲቀነስ ወባ የተገኘባቸው። ወሰኑም በዚያው በምናውቀው ዘዴ ይሠራለት፤ የአምስት ዓመቱ ቁጥር በመዝገቦቻችን ውስጥ አለና። በአገር አቀፍ ደረጃም በየሳምንቱ በሚወጣው ትንተና ውስጥ የፖዘቲቭ ምጣኔው ብቻውን እንዳይቀርብ፣ ከጎኑ የወባ ያልሆነው ትኩሳት ብዛት እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። ምጣኔው ወርዶ ይህ ቁጥር ከወጣ ያ ወረዳ በአረንጓዴ ሳይሆን በቀይ ቀለም ይሳል።

ቀዩ መስመር ወሰኑን ሲሻገር ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ግልጽ ካልሆነ ግን መስመሩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ትኩሳቱ ከጀመረ አምስት ቀን ካልሞላቸው ሕሙማን ላይ ከተወሰደ ደም ቫይረሱን ራሱን ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካሉ ነው። ስለዚህ ናሙናው ሴረሙ፣ ማለትም ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ፣ ተለይቶ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ ወደ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። በእኛ ሁኔታ ይህ ማለት የበረዶ ሣጥን፣ የመኪና ወይም የአውቶቡስ ክፍያ፣ ሣጥኑን የሚቀበል ሰውና የሚደወልበት ቁጥር ማለት ነው። ከዓመታት በፊት ስድስት ናሙናዎች አዘጋጅቼ ሳጥኑን የሚያደርስ መኪና ነዳጅ ስላልተፈቀደለት በማቀዝቀዣ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ቆይተው፣ መብራት ጠፍቶ ቀልጠው፣ በመጨረሻ የጣልኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ስድስት ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡኝ ደም ነበር። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ አስቀድሞ በወረዳ ደረጃ ቢቀመጥ፣ ወረርሽኝ ከታወጀ በኋላ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር የሚያስቆጭ አይሆንም። ውጤቱም ወደ ላካቸው ላቦራቶሪ ይመለስ፤ የላከው ሰው መልስ ካላገኘ ሁለተኛ አይልክም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ቀዩ መስመር በታየበት ቀበሌ ከመቶ ቤት ስንት ዕጭ ያለበት ዕቃ እንደተገኘ ይቆጠር፤ የሚቆጥረውም ሰው ሁለቱን ዓይነት ዕጭ ለይቶ እንዲጽፍ ይሠልጥን። ሁለት ፕሮግራም፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ቡድን አያስፈልግም፤ በርሜሉ አንድ ነው። በበጋ በበርሜል ውስጥ የተገኘ የአኖፌለስ ዕጭ ስቴፈንሳይ መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው የትንኝ ባለሙያ ነው፤ ያ ዕጭ በአልኮል ተጠብቆ እንዲላክ ማዘዝ ግን ለወረዳ የሚከብድ ነገር አይደለም።

«ኔጌቲቭ ሁሉ ቢደወልበት ደወሉ ያደነቁራል» የሚል መልስ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ከባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። እውነት አለው። ጉንፋን በሚበዛበት ወር ቀዩ መስመር በከንቱ ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ሽፍታ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት ያለባቸውን ሐኪሙ በካርዱ ላይ በአንድ ምልክት ቢለይልን፣ ከመቶ ኔጌቲቭ ውስጥ ለናሙና የምንመርጣቸው አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። በከንቱ የተደወለ ደወል የሚያስወጣው ስድስት ናሙና ነው።

የግል ክሊኒኮችንና ፋርማሲዎችን በሚመለከት ብዙ አልጽፍም፤ በቆላ ከተሞች ትኩሳት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነርሱ መሆኑን ቢሮዎቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ሪፖርት እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ የሳምንቱን የከተማቸውን ቁጥር በቴሌግራምም ቢሆን ብትልኩላቸው መልሰው የሚልኩ ይመስለኛል። «በዚህ ሳምንት በከተማዋ ወባ ያልሆነ ትኩሳት ጨምሯል፤ ዲክሎፌናክ ከመስጠታችሁ በፊት አስቡ» የሚል አንድ መልእክት ያንን የቀን ሠራተኛ ከመርፌው ያድነው ነበር።

ያለፉት ስድስት ዓመታት መዝገቦች በጠረጴዛዬ መሳቢያና ከኋላዬ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ባለፉት ሦስት ወራት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ የሁለቱን ዓመታት በሳምንት ከፍዬ በግራፍ ወረቀት ላይ በቀይ አስምሬያቸዋለሁ፤ በሁለት ቦታ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ሁለቱም ጊዜ የወባው መስመር ጸጥ ብሎ ነበር። የቀሩትን አራት ዓመታት ለመጨረስ የክረምቱ ወራት ይበቁኛል። ከኢንስቲትዩቱ ወይም ከቢሮው ይህንን ሊያይ የሚመጣ ባለሙያ ካለ መዝገቦቹን ከነግራፉ አሳያለሁ፤ የሕሙማኑን ስም ግን በወረቀት ሸፍኜ ነው።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
የላቦራቶሪ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለከተሞች የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች
ለሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች